ጨው የጠጣው ዋንዛ

ባለፈው ቅዳሜ ጎመን ልገዛ ገበያ ወርጄ ጎንበስ ብዬ ስመርጥ፣ አንድ ጺማም ጎልማሳ ከኋላዬ መጥቶ «ቲቸር ቫኪዩል!» አለኝና ክው አደረገኝ። ዞር ብዬ ባየው አላወቅሁትም። «አስተምረውኛል እኮ! ድንቹን ረሱት?» አለ እየሳቀ። አይ ልጄ! አንተን ልርሳህ እንጂ ድንቹን እንዴት እረሳዋለሁ? ባዮሎጂ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በየዓመቱ ያንኑ ድንች ስከትፍ ነው ፀጉሬ የሸበተው። ጉልበቴን ሊስም ሲያጎነብስ ከለከልኩት፣ ስለ ልጆቹ ጠየቅሁት፣ መርቄ አሰናበትኩት። እኔ ግን እዚያው ተገትሬ ቀረሁ። ባለጉሊቷ ፀሐይ የመታው ጎመኗ ላይ ክዳኑ በምስማር በተበሳ ፕላስቲክ ውሃ ትረጫለች፤ «እማማ፣ ይገዛሉ ወይስ ጎመኑን ሊድሩት ነው?» አለችኝ። ልቤ ከእሷም ከጎመኑም ሄዷል። ድንች፣ ጨውና ውሃ አንድ ላይ ሲነሱብኝ ፊቴ ድቅን የሚለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ጎረቤቴ ጌታሁን። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ሲባል ሰምታችሁ ከሆነ፣ የተወጋችው እኔ ነኝ፤ አልረሳሁምም።

ነገሩ አሥር ዓመት አልፎታል። ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ፤ መንገድ የሚዘጋበት፣ ስልክ የሚጠፋበት፣ ሰው በጊዜ ቤቱ የሚከተትበት ያ ዘመን መግቢያው ላይ ነው። እኔ የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። ከሁሉቃ ወንዝ ድልድይ እስከ መናኸሪያ በባጃጅ ሁለት ብር ነበር፤ ሾፌሩ ጎን አንድ ሰው ይለጠፍና ጉልበት ለጉልበት ተጋጭተን እንሄዳለን። ተማሪዎቼ ሰማያዊ ሹራብ ይለብሱ ነበር፤ ክርኑ ያልተቀደደ ሹራብ የለበሰ ልጅ የሀብታም ልጅ ይባላል። በዚያ ዓመት እኛ ሴት መምህራን ሁላችንም ተረከዙ እንደ ጡብ የሆነ አንድ ዓይነት ቡኒ ጫማ ገዝተን፣ ስታፍ ሩም ስንገባ ወንዶቹ «የወንጪ ፈረሶች መጡ!» እያሉ ይስቁብን ነበር። መታጠፊያው ላይ ያለው ሙዚቃ ቤት አንድ የሠርግ ዘፈን ጠዋት ይከፍትና ሲመሽ ነው የሚዘጋው፤ ሙሽራዋ መቼ እንደምትገባ እግዜር ይወቅ፣ ዓመቱን ሙሉ ደጅ ላይ አቁመዋት ከረሙ። አሁን እዚያ ቦታ የሞባይል ሽፋን ይሸጣሉ። ባለቤቱም አረፈ፣ ነፍሱን ይማር።

ትምህርት ቤታችን ማስተማሪያ የሚባል ነገር አልነበረውም። አንዲት ማይክሮስኮፕ ነበረች፤ መስተዋቷ ተሰብሮ ቁም ሳጥን ውስጥ ተከብራ ትቀመጣለች። ስለዚህ እኔ ያረጀ የብስክሌት ጎማ ከነካላማዳሪያው ተሸክሜ ክፍል እገባ ነበር። «ልጆች፣ ጎመን አጥንት የለውም። ሣር አጥንት የለውም። ታዲያ በምን ቀጥ ብሎ ይቆማል?» «በውሃ!» እላለሁ። እያንዳንዷ የተክል ሕዋስ ሆዷ ውስጥ የውሃ ከረጢት አለቻት፣ ቫኪዩል ትባላለች፤ ካላማዳሪያው እሷ ናት። ዙሪያዋን ጠንካራ ግድግዳ አለ፤ ጎማው እሱ ነው። ከረጢቷ ውሃ ስትጠግብ ግድግዳውን ትገፋለች፣ ግድግዳው ደግሞ አልበገርም ይላል፤ በዚያ መገፋፋት ነው ቅጠል የሚወጠረው፣ ለጋ ግንድ የሚቆመው። ውሃው ሲወጣ ጎማው ይተነፍሳል። መጠውለግ ማለት ይኸው ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ከዚያ ድንቹ ይመጣል። ንጹሕ ውሃ ውስጥ የቆየው ክትፍ ሲያጥፉት ቀጭ ይላል፤ ጨው ውሃ ውስጥ የቆየው እንደ ጨርቅ ይንጠለጠላል። «አያችሁ? ጨው ከውጭ ሆኖ ውሃውን ከሆዱ ጎትቶ አወጣው። ውሃ መሃል ተቀምጦ በጥም መሞት ማለት ይህ ነው» ስላቸው ክፍሉ በሳቅ ይናጋል። ከግድግዳው ወዲያ ኬሚስትሪ የሚያስተምረው ጌታሁን በዳስተር ይደበድብና «አስኩ፣ ድንችሽን ቀስ አድርጊያት!» ይለኛል። አዎ፣ ያኔ ወዳጄ ነበር። እንጀራ አብረን በልተናል፤ ታደሰ ሲሞት ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው።

ታደሰ ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ከጉደር ሲመለስ አንድ ቀን በወተት ቆርቆሮ የዋንዛ ችግኝ ይዞ መጣ። ልጅ አልወለድንም፤ እሱም «ልጅ ባይሰጠን ጥላ እናሳድግ» ብሎ ከጓሮው ጥግ፣ ከጌታሁን አጥር አጠገብ ተከላት። ጥላ አደገች። ምን ማደግ ብቻ! አበባዋ ሲፈነዳ ጓሮው በንብ ይዘምራል፤ ፍሬዋ ሲበስል የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ከንፈሩን በማጣበቂያ እንደተቀባ ሰው አጣብቆ ይዞራል። ታደሰ ካረፈ በኋላ ከሥሯ ወንበር አውጥቼ ፈተና አርማለሁ፣ ከእሱም ጋር አወራለሁ። ሌላው ሰው መቃብር ይሄዳል፤ እኔ ጓሮዬ እሄዳለሁ።

ጌታሁን ጠመኔውን ጥሎ ነጋዴ ሆነ። ከደንዲ ገበሬዎች ጤፍና ስንዴ እየገዛ፣ ለከብታቸው ጨው በኩንታል እየሸጠ፣ አየነው ሳንል ሆዱ ቀድሞት መግባት ጀመረ። ከዚያ በድንበራችን ላይ ፎቅ ጀመረ። ጂ ፕላስ ቱ! ሲሄድም ጂ ፕላስ ቱ፣ ሲመጣም ጂ ፕላስ ቱ፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ እንኳ ስለ ብረት ነበር የሚያወራው። አንድ ቀን በአጥሩ ላይ አንገቱን አወጣና «አስኩ፣ የዚህች ዛፍሽ ሥር ወደ መሠረቴ እየመጣ ነው። አስቆርጫትና ጣውላ አድርጊያት፤ የዋንዛ ጣውላ እኮ ወርቅ ነው» አለኝ።

«ታደሰን ጣውላ አድርጊው እያልከኝ ነው?»

«ኧረ በማርያም! ዛፍ ነው እኮ» አለና ሳቀ።

«እንግዲያው መሠረትህን ፈቀቅ አድርገው» አልኩት። ሳቁ እዚያው ላይ ቆመ።

ጥምቀት አልፎ ብዙም ሳይቆይ የዋንዛው ቅጠል ተንጠለጠለ። ጎረቤቶቼ «ዋንዛ በበጋ ያራግፍ የለ እንዴ?» አሉኝ። ያራግፋል! ግን የሚያራግፍ ዛፍ ቅጠሉን መጀመሪያ ቢጫ አድርጎ፣ ተሰናብቶ ነው የሚጥለው። ይሄ አረንጓዴ እንዳለ ነው እንደ ታመመ ጥጃ ጆሮው የወደቀው። ውሃ አጠጣሁት፤ አልተነሣም። ጎንበስ ብዬ አፈሩን ጫር ባደርገው ጭቃ ነው። ጌታሁን ሲሚንቶው እንዳይሰነጠቅ የሚያጠጣው ውሃ በአጥሩ ሥር እየሾለከ ወደ እኔ ይወርድ ነበርና መሬቱ ሰንብቷል ከረጠበ። እግሩ ውሃ ውስጥ የተነከረ ዛፍ በምን ይጠወልጋል? ይህን ጥያቄ ስንት ዓመት ሙሉ ፈተና ላይ ያወጣሁት እኔው ራሴ ነኝ! መልሱ ጨው ነው። ጌታሁን ኬሚስትሪ ያስተማረ ሰው ነው፤ መጥረቢያ ይጮኻል፣ ጨው ግን አይጮኽም።

በማግስቱ የኦቦ ዳባ ላም አጥር ጥሳ ገባች። ኦቦ ዳባ ከበላዬ ያሉ ጎረቤቴ፣ የሰፈሩ ትልቅ ሽማግሌ ናቸው፤ ላሚቱ ቀይ ስለሆነች ዲምቱ ይሏታል። ዲምቱ ጓሮዬ ውስጥ ስንት ጎመን እያለላት ወደ ዋንዛው ሄዳ አፈር መላስ ጀመረች። ብመታት አትሄድ፣ ብገፋት አትሄድ፤ ልሳ ልሳ ጉድጓድ አበጀች። ኦቦ ዳባ ራሳቸው መጥተው በቀንዷ ጎትተው ወሰዷት። እኔም ተንበርክኬ ላሚቱ ከላሰችበት ቦታ ቆንጥሬ አፌ ውስጥ ጨመርኩት። ጨው! ምላስ የሚያቃጥል ጨው! ለካ የጌታሁን ግንበኞች መወጣጫው ላይ ሆነው ያዩኛል። እስኪመሽ ድረስ «ቲቸር አስካለ አፈር ስትበላ ታየች» የሚለው ወሬ ድልድዩን ተሻግሮ ነበር።

እኔም ዝም የምል ሴት አይደለሁም። መንገድ ላይ፣ ሰው ፊት፣ «ጨው አፍስሰህ ዛፌን ገደልክ!» አልኩት። እሱ ረጋ ብሎ «ጨው እሸጣለሁ እንጂ እደፋለሁ እንዴ?» አለና ስሜ ጠፋ ብሎ ሽማግሌ ሰበሰበ። ድንቼን ይዤ ቀረብኩ። ምን ላድርግ፣ ሌላ ማስረጃ የለኝ። ሁለት ብርጭቆ ደርድሬ፣ አንዱን ንጹሕ ውሃ፣ አንዱን ጨው ውሃ አድርጌ፣ እነሱ በነገሩ ላይ ሲነጋገሩ ድንቹ ሥራውን ሠራ። ኦቦ ዳባ ልፍስፍስ ያለችውን ድንች በጣታቸው አንጠልጥለው «ኩን ዲንቂዳ! ይሄስ ተአምር ነው!» አሉ። ሽማግሌዎቹ እየተቀባበሉ አዩዋት፣ አንዱማ ቀመሳት።

«ግን ባርሲስቱ» አሉኝ ኦቦ ዳባ፣ መምህርት ማለታቸው ነው፣ «ድንቿ ጨዉን ማን እንዳፈሰሰው ትናገራለች?»

«ላምዎ ስትልስ አይተው የለም ወይ?»

«ማሎ፣ እባክሽ ባርሲስቱ፣ ላም ምስክር አትቆምም።»

ሁሉም ሳቁ። ጌታሁን ብቻ አልሳቀም፤ አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ በዚያ የለቅሶ ቤት ድምፁ «እኔ አልፈርድባትም» አለ። «ታደሰ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን ናት። አፈር የምትበላ ሴት ሐኪም እንጂ ሽማግሌ አያሻትም።» ያኔ ሳቁ ቆመና ሁሉም በሐዘኔታ ያዩኝ ጀመር። ሳቃቸውን እችለው ነበር። ሐዘኔታቸው ነው የገደለኝ። ያለ ምስክር የሰው ስም አጥፍተሻል፣ ይቅርታ ጠይቂ ተባልኩ።

እኛ አገር ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው እርጥብ ሣር ይዞ ነው የሚሄደው፤ ኦሮሞውም አማራውም የከተማ ሰውም ይህንን ያከብራል። እርጥብ ሣር የያዘን ሰው ማባረር ነውር ነው። ሰርዶ አጭጄ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ የጌታሁን ግቢ ፀሐይ ላይ ቆምኩ። እሱ ቤት ውስጥ ምሳ ይበላል። ሹካው ሳህኑን ሲነካ ይሰማኛል። ሣሩ እጄ ላይ ቀስ በቀስ ልፍስፍስ አለ፤ እያንዳንዷ ሕዋስ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ ከዚያ ሁሉ ሰው የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። በመጨረሻ እጅጌውን ጠቅልሎ፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ ወጣና ሰፈሩ እንዲሰማ «ይቅር ለእግዚአብሔር ብያለሁ!» አለ። ዕልል ተባለለት። ምን ዓይነት ደግ ሰው ነው ተባለ። እኔ እዚያው ላይ ማልኩ፤ ይህ ሰው የሠራውን በገዛ አፉ፣ በሰው ፊት ሳይናገር እኔ አልሞትም አልኩ።

ዋንዛው ሞተ። አስቆርጬ ጣውላውን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁ፤ ተሸጦ ተለውጦ የጌታሁን ፎቅ በር እንዳይሆን ብዬ ነው፣ ለጽድቅ ብዬ እንዳይመስላችሁ። በቦታው ላይ ጎመን ብተክል ሞተ፤ ጤና አዳም ብተክል ሞተ፤ መላጣ ሆኖ ቀረ። ፎቁ ግን አለቀ። ሲመረቅ ያ የሠርግ ዘፈን ተከፍቶ፣ ጌታሁን ወተት በመሰለ ሱፍ ልብስ በረንዳው ላይ ቆሞ ሲጨፍር በመስኮቴ አየሁት። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰው እንዲሰማለት «አስኩዬ፣ እንደምን አደርሽ?» ይለኛል። እኔም ሰው እንዲሰማልኝ «ጨው ገባልህ ወይ?» እለዋለሁ። ለዓመታት ሰላምታችን ይኸው ነበር። ሰው «አስካለ አትተወውም?» ይለኛል። ለምን እተወዋለሁ? እሱ ዛፌን ሲተወው አይቻለሁ እንዴ?

ከዚያ ጌታሁን ታመመ። ደም ግፊት። ሐኪሙ ምን ቢከለክለው ጥሩ ነው? ጨው! ሚስቱ ወርቅነሽ አልጫ ስትሠራለት «ሞትኩ!» እያለ እንደሚጮህ ሰማሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ሳቅሁ። ብቻዬን ቤቴ ውስጥ ቁጭ ብዬ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። በሽታው ግን ሞትን አሳሰበውና ከወርቅነሽ ጋር ሊቆርብ ፈለገ። ንስሐ አባታቸው «መጀመሪያ ከጎረቤትህ ታረቅ» አሉት። ይኸው ነው፣ እኔ ያላገኘሁትን ምስክር ቄሱ ከሆዱ ይጎትቱት ጀመር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኦቦ ዳባን አስቀድሞ፣ ለምለም ሰርዶ ይዞ ደጄ ቆመ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። ፀሐዩ ደግሞ ፀሐይ እንዳይመስላችሁ፣ አናት ይበሳል። ሁሉም ያሰቡት እዚያው አቁሜ እንደማስጠወልገው ነው፤ እኔም ስንት ዓመት ያሰብኩት እሱኑ ነበር።

«አስኩ» አለኝ፣ «በማወቅም ሆነ ባለማወቅ ያጠፋሁት ነገር ካለ...»

«ካለ?»

«አዎ፣ ካለ ይቅር በይኝ።»

ካለ! አለባብሰው ቢያርሱ ባረም ይመለሱ። እዚያው ላይ የተሻለ ሐሳብ መጣልኝ። ሣሩን ከእጁ ተቀበልኩት። ሴቶቹ ዕልል ማለት ሲጀምሩ «ቆይ፣ ቆይ» ብዬ ቤት ገባሁና ሣሩን ውሃ የሞላ ብርጭቆ ውስጥ ሰክቼ፣ በእሱ በረንዳ ትይዩ ያለው መስኮቴ ላይ አስቀመጥኩት። ተመልሼ ወጥቼ «ተቀብያለሁ። መልሴን ሣሩ ሲጠወልግ እነግርሃለሁ። እስከዚያ የሚጎድለው ቃል ትዝ ካለህ ደጄ ክፍት ነው» አልኩት። መጀመሪያ የገባቸው ኦቦ ዳባ ናቸው፤ ዱላቸውን ተደግፈው ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ። ኬሚስቱ ግን ቆይቶ ነው የገባው።

ጠዋት ጠዋት ውሃውን እቀይራለሁ። ሰርዶ ደግሞ ከሌላ ሣር ልዩ ነው፤ በየአንጓው ሥር ያወጣል። ሥር ሲያወጣ ራሱ ውሃ ይቀዳል፣ ከረጢቶቹን ይሞላል፣ እንደ ወታደር ቀጥ ይላል። ወርቅነሽ ምስኪኗ እየመጣች «እትዬ አስካለ፣ ሣሩ አልጠወለገም?» ትለኛለች። «ኧረ ምን ሲደረግ! ነይ እዪው፣ ልጅ ወልዷል» እላታለሁ። ብርጭቆው ሲጠበው አውጥቼ ዋንዛው በነበረበት መላጣ መሬት ላይ ተከልኩት። ሰርዶ ጨው ይችላል፤ ጎመኔ የሞተበትን አፈር እሱ ምንጣፍ አለበሰው። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» አለች አሉ አህያ፤ እኔ ግን በቁሜ አበቀልኩት። ጌታሁን በረንዳው ላይ በወጣ ቁጥር የገዛ ልመናው መልስ ሳያገኝ እየሰፋ ሲሄድ ያያል። ወርቅነሽም ያለ እሱ መቁረብ አልቻለችምና ሁለቱም በሩ ላይ ቆመው እያስቀደሱ ከረሙ።

አንድ ቀን የእድር ስብሰባ ላይ፣ ድንኳን ይታደስ አይታደስ ስንባባል፣ ጌታሁን እጁን አወጣ። ከስቶ ኮቱ ትከሻው ላይ ይዞራል። ቆመና መሬት መሬት እያየ «ጨዉን ያፈሰስኩት እኔ ነኝ» አለ።

«አልሰማሁም» አልኩ።

«የአስካለን ዛፍ... ጨው ያፈሰስኩበት እኔ ነኝ።»

«ከኋላ ያሉትም አልሰሙም። ድገመው።»

አንዱ «ኧረ ቲቸር፣ ይበቃዋል» አለ። ኦቦ ዳባ ግን «ተዉ፣ የእሷ ነው» አሉ። ጌታሁን ቀና ብሎ አየኝና ድምፁ ተሰብሮ ጮኸ። «በኩንታል! በበርሜል በጥብጬ በአጥሩ ሥር ለቀቅሁበት! አላበደችም! አፈሩ ጨው ነበረ፣ እሷ አላበደችም!»

ያን ዕለት በሐዘኔታ ያየኝ ፊት ሁሉ መሬት መሬት ያይ ነበር። እያንዳንዳቸውን አየኋቸው፣ ማንንም አልዘለልኩም። ደስ አለኝ? አዎ! ውሸት ምን ያደርጋል፣ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

«እሺ ባርሲስቱ፣ ምን ትካሺ?» አሉ ኦቦ ዳባ። አንዱ ጊደር አለ፣ አንዱ ገንዘብ አለ። «ጊደርም ገንዘብም አልፈልግም» አልኩ። «ዋንዛ ይትከልልኝ። እዚያው፣ የመጀመሪያው በነበረበት ቦታ። በራሱ እጅ ይትከል፣ በሕይወት እስካለም በራሱ እጅ ውሃ ያጠጣ። ሰው አይላክ።»

«አስኩ፣ መሠረቴስ...» አለ ጌታሁን።

«አዎ» አልኩት። «መሠረትህ።»

ሥር ወደ ውሃ እንደሚሄድ እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። እድርተኛው ፊት ማለ። እኔም ይቅር ብያለሁ አልኩ፤ ዕልል ተባለ። ጭልሞ ጫካ አጠገብ ካለው ችግኝ ጣቢያ ራሱ ሄዶ ችግኝ አመጣ። ሰርዶውን ፈንቅሎ፣ ያን አፈር ቆፍሮ አውጥቶ፣ ከወንዝ ዳር ያስመጣውን ሞላበት፤ ጨው እንዳይቀርም ደጋግሞ አጠበው። ጎበዝ ኬሚስት ነበር እኮ።

ይኸው ዛሬ ዋንዛው ከአንደኛ ፎቁ በረንዳ ጋር ትከሻ ለትከሻ ሆኗል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ጌታሁን ጠዋት ጠዋት ቢጫ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ፣ በሌላ እጁ ጉልበቱን ይዞ ግቢዬ ይገባል። ልጆቹ ከአዲስ አበባ መጥተው «አባዬ፣ ቤቱን በገዛ እጅህ እያፈረስክ ነው!» ብለው ተቆጡት፤ «ምያለሁ» አላቸው። ባለፈው ክረምት የበረንዳው ሲሚንቶ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወጣች። በጣቱ ሲዳብሳት አይቼዋለሁ።

ንስሐ አባቴ «ልጄ አስካለ፣ በአፍሽ ይቅር ብለሻል፤ በልብሽስ?» ይሉኛል። ለቄስ አይዋሽም። «ገና ነው አባቴ» እላለሁ። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይሉና ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ስለዚህ ጌታሁን ከሚስቱ ጋር ይቆርባል፤ እኔ በሩ ላይ ቆሜ አስቀድሼ እመለሳለሁ። ፍርዱን ተመልከቱልኝ! ጨው ያፈሰሰው ገብቶ አፈር የበላችው ውጭ ቀረች። ይቆጨኛል? ይቆጨኛል እንጂ። ግን ታደሰ ከሞተ፣ ዛፉ ከሞተ፣ ስሜም ከጠፋ በኋላ ቀጥ አድርጎ ያቆመኝ ሌላ ምን ነበረ? ይህን ቂም ባፈሰው የምወድቅ ይመስለኛል፤ በዚህ ዕድሜዬ መውደቅ አልፈልግም።

ትናንት እሑድ ነበር። ጌታሁን ከቤተ ክርስቲያን እንደመጣ፣ ቆርቦ አፉን በነጠላ እንደሸፈነ፣ ጀሪካኑን ይዞ ገባ። የቆረበ ሰው አይነጋገርምና እጅ ብቻ ነሣኝ። ጀሪካኑን አጋድሞ አፈሰሰ፤ ከዚያ ቀና ብሎ በቃ እንድለው በዓይኑ ለመነኝ። ስንጥቋን አየሁ፣ እሱንም አየሁት።

«ትንሽ ጨምርበት» አልኩት።